ቃሉ ይመለሳል፤ ጨዋታውስ?

ስትሮክ ከሚመታቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ የቋንቋ ችግር ይገጥማቸዋል። ሐኪሞች አፌዝያ ይሉታል። አንዱ ታማሚ ጭራሽ ቃል ማውጣት ያቅተዋል። ሌላው ብዙ ይናገራል፤ የሚለው ግን አይጨበጥም። ሦስተኛው ደህና ሲያወራ ቆይቶ ድንገት የልጁ ስም ይጠፋበታል፤ "ያ... ያ..." እያለ በእጁ ይጠቁማል። ብዙ ጊዜ ማንበብና መጻፍም አብረው ይጎዳሉ።

ቤተሰብ ይደነግጣል። ወዲያው የሚመጣው ጥያቄም "መድኃኒት የለውም ወይ?" የሚል ነው። ምርምር ለዚህ ጥያቄ እስካሁን የሰጠው መልስ ተስፋ ያለው ነው። ተስፋው ግን በየዜናው ከምንሰማው ዓይነት ይለያል፤ ቀስ ያለ ነው፣ ልፋት ይጠይቃል፣ የታማሚውን ዘመዶችም ሥራ ላይ ያሰማራል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አፌዝያ ያለበት ሰው አእምሮውን አልሳተም። ዘመዱን ይለያል። ሲንቁት ይገባዋል፣ ያመዋልም። የተጎዳበት ሐሳብን ወደ ቃል፣ የሰማውን ቃል ደግሞ ወደ ሐሳብ የሚያደርስለት ሥርዓት ነው። እሱ እዚያው አልጋው ላይ ሆኖ እየሰማ፣ ስለ እሱ እንደሌለ ሰው ሲወራ ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ከየትኛውም ሕክምና በፊት መቆም ያለበት ይህ ነው።

አንጎል ውስጥ ምን ይሆናል?

በ1861 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፖል ብሮካ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም "ታን" ከምትል ድምፅ በቀር ምንም መናገር የማይችል ታማሚ ገጠመው። ሰውየው የሚነገረውን ብዙውን ይረዳ ነበር። ሲሞት ብሮካ አንጎሉን መረመረ፤ ጉዳቱን በግራ በኩል፣ ከፊት አገኘው። በ1874 ደግሞ ካርል ቨርኒከ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም፣ ከዚያ ወደ ኋላ ያለ ቦታ ሲጎዳ ሰው እየተናገረ መረዳት እንደሚያቅተው ጻፈ። ከ100 ቀኝ እጅ ተጠቃሚዎች በ95ቱ ያህል ቋንቋ በዋናነት የሚያርፈው በግራው የአንጎል ክፍል ነው።

ዛሬ ሥዕሉ ሰፍቷል። ቋንቋ የሁለት ቦታዎች ሥራ ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ የተያያዙ የብዙ ቦታዎች ሥራ እንደሆነ ይታወቃል። ለአብዛኞቹ ደም የሚያደርሰው አንድ ትልቅ የደም ሥር ስለሆነ፣ እሱ ሲዘጋ ብዙው ባንድ ጊዜ ይጎዳል።

በአደጋ የሚመጣ የጭንቅላት ጉዳት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በመኪና አደጋ ወይም በመውደቅ አንጎል ሲናጥ ጉዳቱ ይበተናል፤ የፊተኛው ክፍልና ቦታዎቹን የሚያገናኙት ረጃጅም ክሮች በተለይ ይጎዳሉ። እንዲህ ያለው ሰው የሥዕሎችን ስም በትክክል ሊጠራ ይችላል። ወሬ ላይ ግን ከርዕሱ ይወጣል፣ አንዱን ነገር ይደጋግማል፣ ቅኔውና ሽሙጡ አይገባውም፣ ሦስት ሰው ባንዴ ሲያወራ ይጠፋበታል። በፈተና ያልፋል፣ በኑሮ ይወድቃል። ብዙዎቹ ወጣቶች ስለሆኑ ጉዳዩ ሥራና ትዳር ላይ ይደርሳል።

መጀመሪያ ሰዓቱ

ንግግር በድንገት ሲጠፋ ወይም ሲንተባተብ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ጊዜ ሳይባክን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ደም የረጋበት ስትሮክ ከሆነ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ገብቶ መጎተት ለተመረጡ ታማሚዎች እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊሠራ ይችላል። ደም ያነሰው ግን ገና ያልሞተ የአንጎል ክፍል በጊዜ ደም ካገኘ፣ ቋንቋውም አብሮ ሊተርፍ ይችላል።

ከዚያ በኋላ አንጎል ራሱ ማገገም ይጀምራል። እብጠቱ ይቀንሳል፣ ደንግጠው ሥራ ያቆሙት ክፍሎች ይነቃሉ፣ በጉዳቱ ዙሪያ ያሉት ደግሞ ተጨማሪ ሥራ ይረከባሉ። ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው።

የምርምሩን መንገድ ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው። በሁለተኛው ወር መናገር የጀመረ ሰው በሕክምናው ነው የዳነው ወይስ ያለ ሕክምናም ይሻለው ነበር? ሕክምናውን ያገኙትን ካላገኙት ጋር ሳያወዳድሩ መልስ የለም። "ይህን ወስጄ ንግግሬ ተመለሰ" የሚል ምስክርነት ስትሰሙ ይህን አስቡ። ሰውየው እየዋሸ ላይሆን ይችላል። ግን ምን እንዳዳነው እሱም አያውቅም።

ስፒች ቴራፒ (የንግግርና የቋንቋ ሕክምና) ይሠራል ወይ?

ይሠራል። በ2016 ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጥናት ገምጋሚ ድርጅት 57 ጥናቶችን ባንድ ላይ አየ፤ በጠቅላላው 3,002 ሰዎች ነበሩባቸው። የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ያገኙት ሰዎች ካላገኙት ይልቅ በመናገር፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በዕለት ተዕለት መግባባት የተሻሉ ሆኑ። ስለዚህ የዛሬ ጥያቄ "ይረዳል ወይ?" መሆኑ ቀርቶ "ስንት ሰዓት? መቼ? ምን ዓይነት?" ሆኗል።

ስለ ጊዜው፣ በብዙ ቤት የሚነገር አንድ አባባል አለ። "ዓመት ካለፈው በኋላ ያው ነው፣ አይለወጥም" ይባላል። በጀርመን በ2017 የወጣ ጥናት ይህን ክፉኛ ነቅንቆታል። 158 ሰዎች ተሳተፉ፤ ሁሉም ስትሮክ ከመታቸው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሆናቸው ናቸው። ግማሾቹ ወዲያው በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት፣ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ተሠለጠኑ። ግማሾቹ ተራ ጠበቁ። የሠለጠኑት በዕለት ተዕለት ንግግር ተሻሻሉ፣ ይጠብቁ የነበሩት ባሉበት ቆዩ። ከስድስት ወር በኋላ ሲለኩም ለውጡ አልጠፋም። ለውጡ ተአምር የሚባል አልነበረም፤ መካከለኛ ነው። ግን "አለቀለት" ለተባለ ሰው መካከለኛ ለውጥ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ቢሰጥስ? ይህም በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በ246 ሰዎች ተሞክሯል፤ ውጤቱ በ2021 ወጣ። ስትሮክ በመታቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ የተጠናከረ ሥልጠና የጀመሩት፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት አልበለጡም። ይህን "መጀመሪያ ላይ ቴራፒ አያስፈልግም" ብሎ የሚተረጉም ይሳሳታል። የተለመደው ሕክምናም ቴራፒ ነበረው፤ ንጽጽሩ ከባዶ ጋር አልነበረም። እኔ የምወስድበት ትምህርት፣ ገና የደከመን ሰው በሰዓት ብዛት ማጨናነቅ ዋጋ እንደሌለው ነው።

መጠኑን በተመለከተ ጥሩ ፍንጭ የሰጠው በ2022 የወጣ ሥራ ነው። ተመራማሪዎች የ25 ጥናቶችን ጥሬ መረጃ፣ የ959 ሰዎችን፣ ሰብስበው ተነተኑ። ትልቁ ለውጥ የታየው በድምሩ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ሕክምና ባገኙት ላይ ነበር። ለየሰው ችግር የተለካ ሕክምናና ቤት ወስደው የሚሠሩት ልምምድም ከተሻለ ውጤት ጋር ሄደዋል። ይህ ትንታኔ ግንኙነቱን ያሳያል እንጂ የሰዓቱ ብዛት ብቻውን ለውጡን እንዳመጣ አያረጋግጥም። ቢሆንም በወር አንዴ ባለሙያ ጋ ሄዶ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ከዚህ መጠን ምን ያህል እንደሚርቅ አስሉት።

ትልቁ ራስ ምታት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በብሪታንያ በ2019 አንድ ጥናት ወጣ፤ 278 ሰዎች ነበሩበት። ዓላማው ቀላል ነው፦ ታማሚው ቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ቃላት ቢለማመድ ምን ይሆናል? እያንዳንዱ ታማሚ ለኑሮው የሚያስፈልጉትን 100 ቃላት መረጠ። በየቀኑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ለስድስት ወር እንዲለማመድ ተጠየቀ። አንዱ ቡድን ይህን አደረገ፤ ሁለተኛው የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኘ። ሦስተኛው ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ እንቆቅልሽ መፍቻ መጽሐፍና ስልክ እየደወለ የሚጠይቀው ሰው ተሰጠው።

ኮምፒውተሩ ሠራ። የተለማመዷቸውን ቃላት ማግኘት ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነበር፤ ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲነጻጸር 16 በመቶ ያህል። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ሰዎቹ ሲጨዋወቱ ቪዲዮ ቀርጸው አዩ። ጨዋታቸው፣ ማለትም ከሰው ጋር የሚያወሩት ወሬ፣ አልተሻሻለም።

ይህ ውጤት ሲነበብ ልብ ይሰብራል። ስድስት ወር ለፍቶ 'መነጽር' የሚለውን ቃል ያስመለሰ ሰው፣ ከልጁ ጋር ሲቀመጥ እንደ ድሮው ዝም ይላል። እንዴት?

ሥዕል አይቶ ስም መጥራት አንድ ሥራ ነው። ሥዕሉ ፊት ለፊት አለ፣ ጊዜ አለ፣ የሚያቋርጥ የለም። ጨዋታ ላይ ግን ሰውየው የሌላውን ንግግር እየሰማ የራሱን ሐሳብ መያዝ አለበት። ቃሉን ፈልጎ፣ ግሱን መርጦ፣ ዓረፍተ ነገር ገጥሞ፣ ተራው ሳያልፈው መናገር አለበት። ይህ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ነው። ቃሉን ማግኘት ከሥራው አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

ሌላም አለ። በሥልጠናው የተመለሱት የተለማመዷቸው ቃላት ናቸው፤ ያልተለማመዷቸው አልተከተሏቸውም። በዚህ መስክ ደጋግሞ የሚታየው ይህ ነው፦ አንጎል የሚያሻሽለው የሠለጠነበትን ነገር ነው። ተመራማሪዎች ይህን ለማለፍ ብዙ ሞክረዋል። አንደኛው ዘዴ ቃሉን ብቻውን ከመድገም ይልቅ ስለ ነገሩ ያለውን እውቀት ይቀሰቅሳል፦ ምን ይሠራል? የት ይገኛል? ከምን ይመሳሰላል? ሌላው ዘዴ ከግስ ይነሳል። "መለካት" የሚለውን ይዞ ማን ይለካል? ምን ይለካል? እያሉ ዙሪያውን መገንባት ነው። ዓላማው አንዱ ቃል ሲነቃ ጎረቤቶቹም እንዲነቁ ነው። በአንዳንድ ታማሚዎች ወደ ሌሎች ቃላትና ዓረፍተ ነገሮች የተሻገረ ለውጥ ታይቷል፤ በሁሉም ላይ ግን አይደለም።

ከዚህ የምንማረው ነገር ቢኖር፣ ቃላት ሲመረጡ የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያሉት የእንስሳት ሥዕሎች ጊዜ መውሰድ እንደሌለባቸው ነው። የልጅ ልጆቹ ስም፣ የመድኃኒቱ ስም፣ "ቆይ" የሚለው ቃል፣ "አልፈልግም" የሚለው ቃል ይቅደሙ። የሚመለሰው የሠለጠነበት ከሆነ፣ የሠለጠነበት የሚጠቅመው ይሁን።

ጨዋታውን ራሱን መለማመድ

ጨዋታ ካልተሻሻለ፣ ጨዋታውን ለምን አንለማመድም? በጀርመን እነ ፍሪዴማን ፑልቨርሙለር በ2001 ያደረጉት ይህን ነው። 17 ሰዎች ያሉበት ትንሽ ጥናት ነበር። ታማሚዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው እጅና ካርድ እንዳይታይ የሚከልል ነገር አለ። ሁሉም ካርድ ይዘዋል። አንዱ ከሌላው ካርድ መጠየቅ የሚችለው በአፉ ብቻ ነው። በቀን ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ለአሥር ቀን። ያንኑ ያህል ሰዓት በረጅም ጊዜ ተበትኖ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ይልቅ እነዚህ ተሻሻሉ።

ክርክሩ ከዚያ ቀጠለ። የሠራው እጅን መከልከሉ ነው ወይስ የሰዓቱ መጠን? በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ከ200 በላይ ሰዎች በተሳተፉበትና በ2022 በወጣ ጥናት፣ በአፍ ብቻ መናገርን የሚያዘው ዘዴና በእጅ፣ በሥዕልና በጽሑፍ መታገዝን የሚፈቅደው ዘዴ ጎን ለጎን ተሞከሩ፤ ሁለቱም 30 ሰዓት ገደማ በሁለት ሳምንት። በዋናው መለኪያ፣ ማለትም በአፌዝያው አጠቃላይ ክብደት፣ ሁለቱም ከተለመደው ሕክምና አልበለጡም። ቃል በማግኘት፣ በመግባባትና በኑሮ ጥራት ግን ሁለቱም ረድተዋል። ስለዚህ እጁን ለሚያወናጭፍ ታማሚ "በአፍህ ተናገር!" ብሎ መቆጣት ከምርምሩ ድጋፍ የለውም። ያሳይ፣ ይሣል፣ ይጠቁም።

መዝፈን፣ ኤሌክትሪክና ክኒን

መናገር ያቃተው ሰው ሲዘፍን የሚያሳይ ቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይሆናል። ቁጥር መቁጠር፣ የሸመደዱት ጸሎት፣ ሰላምታ፣ ስድብም ሳይቀር ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ሊተርፉ ይችላሉ። በ1973 በቦስተን የነበሩ ባለሙያዎች ከዚህ ተነስተው ዘዴ ቀመሩ፤ ታማሚው አጫጭር ሐረጎችን በዜማ፣ በግራ እጁ ምት እየመታ ይላል፣ ቀስ በቀስ ዜማው ይቀነሳል። በ2011 ጭንቅላቷን በጥይት የተመታችው የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ጋብሪኤል ጊፈርድስ በሙዚቃ ስትታከም ከታየች ወዲህ ዘዴው ይበልጥ ታወቀ። ኋላ የወጡ ጥናቶች ዋናው ረዳት ከዜማው ይልቅ ምቱና ሐረጎቹ የተለመዱ መሆናቸው ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። የተለማመዱት ሐረግ ይሻሻላል፤ ወደ ነጻ ንግግር መሻገሩ ግን ደካማ ነው። ያው ችግር እዚህም መጣ።

በጭንቅላት ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ወይም መግነጢስ እየሰጡ ከቴራፒ ጋር ማጣመርም በስፋት እየተሞከረ ነው። በ2018 በአሜሪካ በ74 ሰዎች የተደረገ ጥናት፣ ኤሌክትሪኩ ስም መጥራትን ሊረዳ እንደሚችልና ምርምሩ መቀጠል እንዳለበት አሳይቷል። "መቀጠል አለበት" ማለት "ገዝታችሁ ቤት ሞክሩት" ማለት አይደለም። መድኃኒቶችም ተፈትነዋል፦ ፓይራሲታም፣ ዶኔፔዚል፣ ሜማንቲን። በትንንሽ ጥናቶች መልካም ምልክት ታይቷል፤ እስካሁን ግን የአፌዝያ መደበኛ ሕክምና የሆነ ክኒን የለም። ክኒን ተሸጦላችሁ ቴራፒው ከቀረ፣ የሚሠራውን ትታችሁ የማይታወቀውን ገዝታችኋል።

አንጎል ውስጥ በሚቀመጥ መሣሪያ ንግግር ተመለሰ የሚለውን ዜናም ለዩት። እነዚያ ሰዎች ቋንቋቸው ደህና ነው፤ የማይታዘዝላቸው የአፍና የጉሮሮ ጡንቻ ነው። መሣሪያው ሊሉ ያሰቡትን ከአንጎል ያነባል። በአፌዝያ ግን የተጎዳው የሚነበበው ነገር ራሱ ነው።

ሌላውን ሰው ማሠልጠን

ጨዋታ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ አንጎሉ ተጎድቷል፤ ሌላው ደህና ነው። ታዲያ ለምን ደህናው አይሠለጥንም? በቶሮንቶ ኦራ ካጋንና ባልደረቦቿ በ2001 ያወጡት ጥናት ይህን ጠየቀ። ከታማሚዎች ጋር የሚያወሩ በጎ ፈቃደኞች ሠለጠኑ፤ ታማሚዎቹ ምንም አልሠለጠኑም። ሆኖም የሠለጠነ ሰው ያገኙት ታማሚዎች ሐሳባቸውን በማስተላለፍ ተሻሻሉ። በሲድኒ በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአደጋ አንጎላቸው የተጎዳ ሰዎችን ተመለከተ። ታማሚው ከቤተሰቡ ወይም ከጓደኛው ጋር አብሮ ሲሠለጥን፣ ብቻውን ከሠለጠነው የተሻለ ጨዋታ ታየ።

ከሁሉም ይልቅ እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው። የተጎዳው አንጎል ሌት ተቀን ለፍቶ ትንሽ ሲሻሻል፣ ደህናው ሰው በጥቂት ቀን ጠባዩን ሊቀይር ይችላል።

ሥልጠናው ውስጥ ያለው ነገር የተራቀቀ አይደለም። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። አንድ በአንድ ይወራ። "ምን ትፈልጋለህ?" ከማለት "መተኛት ነው የምትፈልገው? መቀመጥ?" ይባል። ዋናው ቃል በወረቀት ይጻፍ፣ ታማሚው በጣቱ ይጠቁም። መልሱ ከመጣ በኋላ "እንዲህ ነው ያልከው?" ተብሎ ይረጋገጥ። ካልገባችሁ እንደገባችሁ አትነቅንቁ፤ እሱ ያውቅባችኋል። ጆሮው ደህና ነውና አትጩኹበት። አባታችሁ ከሆኑ እንደ አባት አናግሯቸው፤ ቋንቋቸው ስለተጎዳ አንቱታው አይቀርም። ቃል ሲጠፋባቸው ቀድማችሁ ከመሙላት "ልርዳዎት ወይስ ልጠብቅ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፣ ብዙ ጥናቶች የዘለሉት ነገር ብቸኝነት ነው። ከስትሮክ በኋላ ድብርት ብዙ ሰው ላይ ይታያል፤ አፌዝያ ያለባቸው ላይ ይበዛል። ወዳጅ መጀመሪያ ይመጣል፣ ዝምታው ይከብደውና ይቀራል። ድብርት ይታከማል። ግን ድብርት የሚመረመረው በአብዛኛው በጥያቄና መልስ ስለሆነ፣ መናገር ያቃተው ሰው በቀላሉ ይታለፋል። እንቅልፉ፣ የምግብ ፍላጎቱ፣ ፊቱ ከተለወጠ ለሐኪም መንገር የአስታማሚው ድርሻ ነው።

ስለ ሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎች

ሁለትና ከዚያ በላይ ቋንቋ የሚናገር ሰው ሲታመም ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይጎዳሉ፣ አብረውም ይሻሻላሉ። አንዳንዴ ግን አንዱ ቀድሞ ይመለሳል። ሁሌም የአፍ መፍቻው ይቀድማል የሚል ሕግ የለም፤ ከመታመሙ በፊት አዘውትሮ የሚናገረው ቋንቋ ሊቀድም ይችላል። ባንዱ የተሠለጠነው ወደ ሌላው የሚሻገርበት ጊዜ አለ፣ የማይሻገርበትም አለ።

አብዛኛው ምርምር የተሠራው በእንግሊዝኛና በጥቂት የአውሮፓ ቋንቋዎች ነው። በግስ ላይ ብዙ ነገር የሚሸከሙ ቋንቋዎች፣ እንደ አማርኛ ያሉት፣ በምርምሩ ውስጥ ቦታቸው ትንሽ ነው። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ታማሚ ግሱን ሲስት ማን እንዳደረገ፣ በማን ላይ እንዳደረገ፣ መቼ እንዳደረገ አብሮ ሊስት ይችላል። ስለዚህ በስም ላይ ብቻ የተመሠረተ ፈተና ጉዳቱን አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል።

ባለሙያ ጋ ስትሄዱ ታማሚው ከመታመሙ በፊት በየትኛው ቋንቋ ከማን ጋር ያወራ እንደነበር ጽፋችሁ ያዙ። በቤት የትኛው፣ በሥራ የትኛው፣ ሲናደድ የትኛው። ፈተናው በአንዱ ብቻ ከተሰጠ፣ በሌላውም እንዲታይ ጠይቁ። ቤት የሚሠራ ልምምድ እንዲሰጣችሁ፣ ከናንተ አንዱም አብሮ ገብቶ እንዲሠለጥን ጠይቁ። ሁለት ሦስት ዓመት ያለፈው ታማሚ ከሆነም ይህንኑ ጠይቁ።